ጥቁር ቀለም በፀሐይ ሲታይ

ጥቅምት 3

ለእህቴ ለጭራሮዋ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ አለሁ። ሳሉ ለቆኛል፣ ጥርሴ ግን አልለቀቀኝም። ደብዳቤሽ እጄ የገባው ተከፍቶ፣ ተነቦ፣ ጥጉ ሻይ ፈሶበት ነው። እዚህ የእስረኛ ደብዳቤ የሚያነብ አንድ መርማሪ አለ፤ ሳያነብ አያሳልፍም፣ ሻይ ሳይዝ ደግሞ አያነብም። እንግዲህ የመኪናዬን ጉድ ከኔ በፊት የሰማው እሱ ነው።

«ጥላ ውስጥ ምንም የለባትም፣ ፀሐይ ላይ ሳወጣት ግን የሸረሪት ድር ያደራባት ትመስላለች፤ ምን ነካት?» ላልሽኝ፣ ሰው ነው የነካት። ድር ሳይሆን ጭረት ነው። ከጥቁሩ ቀለም በላይ እንደ መስታወት የሚያበራ ስስ ነገር አለ፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ ክሊር እንለዋለን። አንድ ሰው አቧራውን ሳያጥብ በደረቅ ጨርቅ ክብ ክብ እያደረገ ሲወለውላት አቧራው ራሱ ክሊሩን ይፍቀዋል። ነጭ መኪና ቢሆን ማንም አያይም ነበር። ጥቁር ግን ፀሐይ ያገኘው ዕለት ሁሉን ያወጣል።

ደግሞ የአንድ ቀን የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት ሸራዋን እየገለጠ በየቀኑ የወለወላት ሰው አለ። ማን ነው? የማንም ደንቆሮ ይሁን፣ እጁ ይሰበር! ሦስት ወር ሙሉ በእረፍት ቀኔ ሳልተኛ የቀባኋት መኪና! የዓይኔ ብሌን ነበረች እኮ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «በዚህ መልኳ በሬ ላይ አትቆምም» ማለቱ አልተሳሳተም። ከልብስ ተኳሽነት ወጥተሽ ሾፌር የምትሆኚው በሷ ከሆነ እናስተካክላታለን። ማሽን የለሽም፣ ለጋራዥ የሚከፈል የለሽም፣ ገብቶኛል። በእጅም ይለቃል፤ ክንድሽን ይበላል እንጂ። መጀመሪያ እጠቢያት። ሁለት ባልዲ ያዢ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁን ማለቅለቂያ። አቧራ ይዞ የወጣ ስፖንጅ ሳይለቀለቅ ተመልሶ እንዳይነካት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እማዬ ምን አለች? ፍርድ ቤት ቆማ ከመሰከረችብኝ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሆነ፣ አንድ ቃል አልላከችልኝም። አልተቀየምኳትም። ደብዳቤዎቼን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት ነግረሽኛል፣ ይህንንም አንብቢላት። እማዬ፣ እየሰማሽኝ ከሆነ አንድ ቃል ላኪልኝ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ። ልብሽ እንደደከመ አውቃለሁና ሳትልኪልኝ የሆንሽ እንደሆነ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ለጋሼ፣

ጥርስህ እያመመህ ደህና ነህ ወይ ብዬ አላሾፍብህም። ቅርንፉድ ያዝበት፣ ደግሞ ስኳር ተው። እኔ ከብረት ምጣዱ፣ ማለቴ ከመተኮሻው ጋር እንደተፋጠጥኩ አለሁ። ዛሬ ብቻ ስልሳ የትራስ ልብስ ተኩሻለሁ።

አጠብኳት፣ እንዳልከኝ በሁለት ባልዲ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጥፋት አጠፋሁ፣ ልናዘዝ፣ አትቆጣ። የሆቴሉ ጥበቃ፣ ያ ሁሉን አዋቂ፣ «በጥርስ ሳሙና ፈትጊው፣ ጭረቱ ድራሹ ይጠፋል» አለኝ። ርካሽ ነው ብዬ ኮፈኗ ጥግ ላይ ሞከርኩት። እውነትም የጠፋ መስሎኝ ጎረቤት ሁሉ ጠራሁ። ሳለቀልቀው ጭረቱ እንዳለ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ደብዝዞ፣ ዳመና መስሎ። አሁን የመኪናህ አፍ ጥሩ ጥሩ ይሸታል፣ መልኳ ግን ባሰበት።

ከደብዳቤህ ጋር በላክሃት ቁራጭ ወረቀት ጭረቱ የት የት እንዳለ የጠየቅከኝን በእጅ ባትሪ ዞሬ አየሁ። በሮቿ በሙሉ አሉበት፣ ኮፈኗም፣ የኋላ ሻንጣዋም። ክቦቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ፤ ጥፍሬ ሊይዛቸው ትንሽ ነው የቀረው። ጣሪያዋ ላይ ግን ዳር ዳሩ ብቻ ነው፤ መሃሉ ምንም አልነካውም፣ ፊቴን አየሁበት።

ማን ወለወላት ላልከው፣ ተወው በቃ። አንድ የሰፈር ሰው ነው። ደግ የሠራ መስሎት ነው፣ አሁን አቁሟል። ስለ እጅ መሰበር የጻፍከውን ግን ባትጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ደብዳቤህን ሁልጊዜ አስቀድሜ ለራሴ አነበውና ነው ለእማዬ የማነብላት። ያን ዕለት ግን «አሁኑኑ ክፈችው» ብላኝ ፊቷ ከፍቼ ነው ያነበብኩት።

እማዬ ያው ናት። እግሯ ያብጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ከማለት በቀር አዲስ ነገር አልነገረንም። የጻፍከውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ምንም አላለችም።

እህትህ


ጥቅምት 23

ለጭራሮዋ፣

የጥርስ ሳሙና! እኔ እዚህ ለጥርሴ አጥቼ አንቺ መኪና ታስቦርሺያለሽ! መርማሪው እዚህ ጋ ሲደርስ ስቆ ሻዩን ወረቀትሽ ላይ ደፍቶታል። ሁለተኛ የዚያን ጥበቃ ምክር እንዳትሰሚ። የጥርስ ሳሙና ጭረቱን አይፍቀውም፣ ለጊዜው ይሞላውና ውሃ ሲነካው ይወጣል። ሰምም እንደዚያው ነው። መሸፈን ሌላ፣ ማስለቀቅ ሌላ።

ስለዚህ ስሚኝ። አንዲት ትንሽ ጣሳ ፖሊሽ ግዢ፣ ሻካራውን ሳይሆን ደቃቁን። ከኔ ሣጥን ውስጥ ነጭ የጥጥ ካናቴራዎች አሉ፣ በደንብ አጥበሽ፣ ስፌቱን ቆርጠሽ ጥለሽ በስፖንጅ ላይ ጠቅልዪያቸው። መኪናዋ ጥላ ውስጥ ትቁም፣ ብረቷ ይቀዝቅዝ። የበሩን ጠርዝና የኮፈኑን ጫፍ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ፤ ክሊሩ ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ ትንሽ ከፈተግሽው ቀለሙ ድረስ ትበሽዋለሽ፣ ከዚያ ወዲያ እኔም አላድናትም። አንዴ የምትሠሪው ሁለት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ይሁን። ክብ አታድርጊ! ቀጥ ቀጥ እያልሽ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች። ከዚያ ጥረጊና በባትሪ አግድም እዪው። ካልጠፋ ድገሚው፣ ከሦስቴ በላይ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጥፍርሽ ሊይዘው ትንሽ ነው የቀረው ብለሽኛል። የቤት አቧራ ያን ያህል አይቧጥጥም። ያ ሰውዬ የወለወለበት ጨርቅ የብርጭቆ ወረቀት ትቢያ ወይም አሸዋ የነካው ነው። ፈልጊና አቃጥይልኝ፣ ዳግመኛ እንዳይነካት።

ይህ የሚቀጥለው ለእማዬ ነው፣ ጮክ በይ። እማዬ፣ ፍርድ ቤት ያልኩትን አሁንም እላለሁ። አንድ ሰው ነጭ መኪና ይዞልኝ መጣ፣ ፓራፋንጎዋ፣ የጎማው መከለያ፣ የተጨረማመተ። ግንድ መታሁ አለኝ። ቀጠቀጥኩ፣ ቀባሁ፣ ሰጠሁት። ልብስ ሰፊዋን ገጭቶ ጥሏት እንደመጣ በምን አውቃለሁ? አንቺ ቱታዬን ልታጥቢ ኪሱን ስትፈትሺ ያገኘሽው አረንጓዴ ክር እንዴት እንደገባ አላውቅም። ሳላውቅ ነው። የሷ ሹራብ ክር መሆኑን ለይተሽ ለፖሊስ መስጠትሽን አልነቅፍም፣ ጎረቤትሽ ነበረች፣ አልቅሰሽላታል። ግን እኔም ልጅሽ ነኝ። አንድ ቃል።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ለጋሼ፣

የፖሊሹን ሽታ እዚያ ድረስ ልልክልህ በቻልኩ! ኮፈኗ አለቀ። ከሥራ ስመለስ ፀሐዩ ሳይገባ ሁለት ሁለት መዳፍ እየሠራሁ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ክንዴ ይሄው እንደ ዘነዘና ተገትሯል፣ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኛል። ግን ጉድ ነው! ፀሐይ ላይ አውጥቼ ዞሬ ዞሬ ባይ አንድም ክብ የለም። ሽበት ማብቀሌን ያወቅኩት በመኪናህ ኮፈን ነው፣ እግዜር ይይልህ።

ካናቴራዎችህን ቆራርጫቸዋለሁ። ስትፈታ የምትለብሰው የለህም፣ ራቁትህን ትመጣለህ።

ጨርቁን ግን አላቃጠልኩትም። ለምን አትበለኝ። ከመኪናዋ አርቄዋለሁ፣ ያ ይበቃሃል።

ባለፈው እሑድ ለእማዬ ደጅ ወንበር አወጣሁላትና ኮፈኗን አሳየኋት። ፊቷ ይፈካል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ «ሁሉንም እንዲህ ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጥሩ ነው፣ ለሥራሽ ነው» አለችና ልግባ አለች። ስለ አንተ የምትለው ነገር እንዳለ ጠየቅኳት። ጋሼ፣ እንዲህ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ ጨንቆኛል። የሚነገር ሲኖር እነግርሃለሁ፣ እባክህ ታገሠኝ።

መድኃኒቷን ለውጠውላታል። ሌሊት ትንሽ ትንሽ ያስተኛታል። የሆቴሉ ሥራ ቢሳካልኝ ሌላ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ ብያለሁ።

እህትህ


ኅዳር 13

ለጭራሮዋ፣

ተባረኪ! ያንን ኮፈን ሳላየው አየሁት። እዚህ አናጢ ክፍል ነው ያለሁት፣ ወንበር እላጋለሁ፤ ሳላስበው በእንጨቱ ላይ እጄ ቀለም መቀባት ይጀምራል።

መርማሪውን ልንገርሽ። ለካ እሱም ጥቁር መኪና አለው፣ የድሮ፣ እንደ ሽንት ቤት ግድግዳ የተቧጨረ። ያንቺንና የኔን ደብዳቤ እያነበበ ሥራውን ተማረልሽ። ትናንት ጠርቶኝ «ጠርዙ ላይ ፕላስተሩን ረስቼ ቀለሙን በላሁት፣ ምን ይሻላል?» አይለኝም! ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ደብዳቤያችን ቶሎ ቶሎ መድረስ የጀመረው ለዚህ ነው።

የግራውን የኋላ በር መጨረሻ አድርጊው። እሱን ዝቅ ብሎ የሚያየው የለም፣ ፖሊሽ ካጠረሽ እዚያ ይጠርሽ።

እማዬ «ሁሉንም እንዲህ ልታደርጊው ነው?» ያለችው ለምንድን ነው? ስለ መኪናዋ ከጠየቀች ስለ እኔ መጠየቋ ነው ብዬ ልውሰደው? በዚህች ነገር ሦስት ቀን ስብሰለሰል ቆየሁ። ጠይቂያትና ጻፊልኝ፣ ያለችውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የመርማሪውን ነገር አነበብኩ፣ ያስቃል።

ሁሉም አልቋል፣ ከግራው የኋላ በር በቀር። መኪናዋ ሰሞኑን ወጣ ብላ ነበር፣ እስከ ከተማው ዳር፣ ጭቃ ነክቷታል። ጭቃው ሳይደርቅ በውሃ ብቻ አስለቅቄዋለሁ፣ በእጄ አልፈተግኩትም። ፕላስተሩ ሲነሳ ሙጫው ጠርዙ ላይ ቀርቶብኛል፣ በምን ይለቃል? ዘይት ልሞክር?

ከሥራ ፈቃድ ላይ ነኝ። ቤቱ ሰው ይበዛበታል፣ ለመጻፍ አይመችም። ደብዳቤህን ለራሴ ነው ያነበብኩት፣ ጮክ ብዬ አይደለም፤ ድምፄ ተዘግቷል። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ጥርስህን አደራ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እህቴ፣

ሙጫው በምግብ ዘይት ይለቃል። ነካ አድርጊበትና ቆይተሽ ጥረጊው።

ፈቃድ ማን ሰጠሽ? ሆቴሉ በዓመት ሁለት ቀን እንኳ እንደማይሰጥሽ ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ። ቤቱ ውስጥ ሰው የሚበዛው ለምንድን ነው? መኪናዋ ከተማ ዳር ጭቃ ያለበት የት ሄዳ ነው? ድምፅሽ በምን ተዘጋ? ደብዳቤሽ ውስጥ እማዬ የምትል ቃል አንዲት የለችም፤ ስድስት ጊዜ አንብቤ ፈለግኳት።

ትልቅ ሰው ነኝ። አትደብቂኝ። በእናትሽ ብዬ ልለምንሽ ጀምሬ ብዕሬን ያዝኩት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ለወንድሜ፣

በመጀመሪያ ለመርማሪው። ጌታዬ፣ ይህን ከወንድሜ በፊት የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። እባክዎ ሲሰጡት ብቻውን አይተዉት።

ጋሼ፣ እማዬ አረፈች። ኅዳር 17፣ ጠዋት፣ አልጋዋ ላይ፣ ሳትጨነቅ። አጠገቧ ነበርኩ። አስከሬኗን የጎረቤታችን መኪና ወሰደ፣ እኔ በመኪናህ ከኋላ ተከተልኳት። ከሦስት ሳምንት በላይ ደብቄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። የደበቅኩህ ግን ሞቷን ብቻ አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ልንገርህ።

መኪናህን የወለወለው የሰፈር ሰው አይደለም። እማዬ ናት። አንተ ከታሰርክ ጀምሮ በየጠዋቱ፣ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ሸራውን ገልጣ ታብሳት ነበር። ስምህን አታነሳም፣ ፎቶህን ከግድግዳ አውርዳዋለች፣ መኪናህን ግን እንደ ልጅ ፊት ታብሳለች። እኔም አውቅ ነበር፤ ጭረቱ ከዚያ መምጣቱን ግን አንተ እስክትጽፍ በምን ልወቀው? እጇ እስከሚደርስ ነው የወለወለችው። ጣሪያው መሃል ንጹህ የቀረው እጇ ስለማይደርስ ነው።

ጨርቁ ደግሞ ቱታህ ነው። ፖሊስ ክሩን ብቻ ወስዶ ቱታውን መልሶላት ነበር። ያን ዕለት ሳይታጠብ እንደቀረ ቀረ። አጥቤ ላስቀምጥልሽ ባልኳት ቁጥር «ተይው፣ ጠረኑ አለበት» ትለኛለች። የብርጭቆ ወረቀት ትቢያ ያልከው ከጋራዥህ የመጣው ነው።

ያ የጥቅምት ደብዳቤህ የመጣ ቀን ፊቷ ከፈትኩት። «በደረቅ ጨርቅ ክብ ክብ» የሚለው ላይ ስደርስ ገባኝ፣ ግን አፌ ቀድሞኝ «እጁ ይሰበር» የሚለውን አነበብኩት። ቀና ስል እማዬ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ እያየቻት ነው። ከዚያ «ሳላውቅ ነው በይው» አለችኝ። ብዕር ሳነሳ ደግሞ «ተይው፣ አትጻፊለት። እሱም ያለን እንደዚያ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ መኪናዋን አልነካቻትም። አንተ ቃል ላኪልኝ እያልክ ስትለምን ቃሉ እጄ ላይ ነበር፤ አትላኪ ብላኝ ነው አፌን የያዝኩት።

ኅዳር 16 ከሰዓት በኋላ ደጅ አውጪኝ አለች። የቀረኝ የግራው የኋላ በር ብቻ ነበር። ቱታውን አምጪልኝ አለች። አመጣሁላት። ወንበሯን አስጠጋኋትና ያንን በር ወለወለችው፣ ክብ ክብ አድርጋ፣ ሦስት አራት ጊዜ። አልከለከልኳትም፣ ማን ሊከለክላት? ሲደክማት ቱታውን ጭኗ ላይ አጠፈችውና «ያንን ቃል አሁን ጻፊለት» አለችኝ። «ሳላውቅ ነው በይው። እኔ እውነቴን ነው በይው።» ማታ ልጽፍ አልኩ፣ ማታ ባሰባት፣ ጠዋት የለችም። ከዚያ ቃሏን ብቻ ነጥዬ ልጽፍልህ አልቻልኩም፣ ሞቷንም ነጥዬ ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ ስለ ሙጫ ጻፍኩልህ።

ሥራ አስኪያጁ ሊያጽናናኝ ቤት መጥቶ መኪናዋን ዞሮ አየ። «ይቺን የግራዋን በር ጨርሺና ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ግቢ» ብሎኛል። ፖሊሹን ስፖንጁ ላይ አደርግና በሩ ፊት እንበረከካለሁ። እጄ አይሄድልኝም። ምን ላድርግ?

እህትህ


ታኅሣሥ 29

ለእህቴ፣

አምላክ ያጽናሽ፣ ያጽናን። ብቻሽን ቀብረሻት፣ ብቻሽን አልቅሰሽ፣ በላዩ እኔን ስታባብዪ ከረምሽ። አልተቀየምኩሽም።

ደብዳቤሽን መርማሪው ራሱ አናጢ ክፍል ድረስ ይዞት መጣ። ሻይ አልያዘም። አጠገቤ ተቀመጠና አንብቤ እስክጨርስ አልተነሳም፤ ሳለቅስ መሃረቡን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ብዕር አልጨበጥኩም።

ሃያ ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ። የማንንም መኪና ጭረት አይቼ ማን እንደቧጨረው፣ በምን እንደቧጨረው እናገር ነበር። አንቺ ጣሪያው መሃል ንጹህ ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ ክቦቹ ትንንሽ ናቸው አልሽ፣ እኔም ትቢያ አለበት አልኩ። ሁሉ ነገር እጄ ላይ ነበር። ግን እናቴ ትወለውልልኛለች ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። እጁ ይሰበር አልኳት። የሷ ሳይሆን የኔ ይሰበር።

ስለ በሩ። አትንኪው ብዬ ጽፌ ነበር፣ ወረቀቱን ቀደድኩት። እሷም «ለሥራሽ ነው» ብላለች፣ በሩን ጨርሺና ሥራሽን ያዢ። ግን ከመጀመርሽ በፊት ከእጀታው በታች፣ በሩ ወደ ውስጥ ከሚታጠፍበት በላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ። ጠርዙን በጥፍርሽ አጥብቂው። ሌላውን ሁሉ ሥሪው፣ እዚያች ጋ ስትደርሺ ዝለያት። ሥራ አስኪያጁ ካልተንበረከከ አያያትም። ከዚያ ፕላስተሩን ቀስ ብለሽ አንሺ። ሰም አትቀቢባት፣ በውሃ ብቻ እለፊያት። ስወጣ ፀሐይ ላይ አቁመሽ የእማዬን ክቦች አሳዪኝ። ቱታውንም አትጠቢው።

ከዚህ በታች ያለው ለእማዬ ነው። መቃብሯ ድረስ ሄደሽ እንደ በፊቱ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ስትመለሺ ከልብስ ሰፊዋ ባል ቤት ግቢና ለሱም አንብቢለት፤ ቢያባርርሽም በር ላይ ቆመሽ አንብቢለት። አንድ ቃል እንዳትዘልይ። መርማሪው ይህን አንብቦ ለበላይ ማሳየት አለብኝ ካለ ያሳይ፤ ነግሬዋለሁ። ዓመት ቢጨምሩብኝም ይጨምሩ። መምጫዬ ሊርቅ ነውና አንቺ ይቅር በዪኝ።

እማዬ፣ ቃልሽ ደርሶኛል። ሳላውቅ ነው ማለትሽ እውነት ነው፣ የኔ ግን ውሸት ነበር። ነጩ መኪና ጋራዡን ስከፍት በር ላይ ቆሞ ነበር። የተሰበረው የፊት መብራት ላይ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሞበታል። የማን እንደሆነ ገና ሳልነካው አውቄዋለሁ፤ በሰፈራችን ያንን ሹራብ የምትለብሰው አንዲት ሴት ናት፣ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ስታሳጥርልኝ የኖረችው። ባለመኪናው ፊቴን አየ፣ እኔም ፊቱን አየሁ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። በዚያች ሰዓት ጮኼ ሰው ብጠራ ኖሮ ትተርፍ ነበር፤ እሷ ገና መንገድ ዳር ተኝታ ነበር፣ ገና ትተነፍስ ነበር ብሎ ሐኪሙ ፍርድ ቤት ሲናገር ሰምተሻል። እኔ ግን ደንበኛዬ ነው ብዬ፣ ፈርቼ፣ ክሩን በሁለት ጣቴ አላቀቅኩት። መጣል አቃተኝ፣ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ቀለም በጠበጥኩ።

አውቄ ነው፣ እማዬ።

ልጅሽ